ፏፏቴው ፎቶው ላይ ቀረ!

ጎበዝ! ከድሮ ቦርሳ ወይም ከመጽሐፍ መሐል አንዲት የወረቀት ብር ብትገኝ እስቲ አውጧትና ጀርባዋን እዩት። አንድ ብር በ2010 እ.ኤ.አ. ሳንቲም ሆኖ ከመጣ ወዲህ ወረቀቷ ከእጅ እየራቀች ሄደች እንጂ፣ በእሷ ዳቦ የገዛ፣ በእሷ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ መልኳን አይረሳም። ከፊቷ አንድ ልጅ አለ። ከጀርባዋ ውሃ ይወርዳል። ያ ውሃ ጢስ ዓባይ ነው። ወረቀቷ ከወጣችበት ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በጋ ከክረምት ሳይል ይፈስሳል። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ኢሕአዴግም ሄደ፤ በወረቀቷ ላይ ካለው ፏፏቴ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም!

እውነተኛው ፏፏቴ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ከዓመቱ ብዙውን ወራት ጢሱም የለ፣ ነጎድጓዱም የለ። የሚታየው ጥቁር ገደል ነው። ከአንድ ጥግ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጠን ያለ ውሃ ይወርዳል። ይቺ ናት እንግዲህ የዓባይ ጢስ! ታዲያ በየቢሮው የተሰቀለው፣ በየካላንደሩ የታተመው፣ በየሆቴሉ ኮሪደር የተለጠፈው ሞልቶ የሚያገሳው ፏፏቴ ምንድነው? የሟች ፎቶ ነው? ወይስ የታሰረ ሰው ፎቶ? እኔ የታሰረ ነው ባይ ነኝ። የሞተ አይመለስም፤ ይሄኛው ግን በሩ ሲከፈትለት ይመጣል።

ይህን ጉዳይ የማነሳው የውሃ ሊቅ ሆኜ አይደለም። ፎቶ አንሺ ነኝ። ቤቴ ተፍኪ ነው፤ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ የመጣውን ሁሉ አነሳለሁ። ዕድሜያችሁ ጠና ያለ እንደምታስታውሱት በዱሮ ፎቶ ቤት ከወንበሩ ኋላ የሚሰቀል ሸራ ነበር። ሸራው ላይ ወይ የፈረንጅ ቪላ፣ ወይ አበባ፣ ወይ ፏፏቴ ይሳላል። ከገጠር የመጣ ወንድማችን ካፖርት ተውሶ፣ ፏፏቴውን ከጀርባው አድርጎ ይነሳና ፎቶውን ለእናቱ ይልክ ነበር። ዛሬ ሸራው ቀርቶ ኮምፒውተር መጥቷል፤ ፏፏቴው ግን አልቀረም። ሙሽሮች መጥተው "ከኋላችን ፏፏቴ አድርግልን" ይሉኛል። ሰው ፏፏቴ ይወዳል። በውሃ ፊት ቆሞ መታየት የበረከት፣ የጥጋብ ምልክት ነው። በዚህ ፍቅር የሚነግዱትም ይህንኑ አሳምረው ያውቁታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ለካላንደር የሚሆን የጢስ ዓባይ ፎቶ እንዳነሳለት ጠየቀኝ። ሄድኩ፤ ያገኘሁትን አንስቼ አመጣሁ። ማለዳ ነው፤ ድንጋዩ ረጥቧል፤ ብርሃኑ ለስለስ ያለ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። የድርጅቱ ሰውዬ ግን አየት አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

"ውሃው የታለ?"

"ያለው ይሄ ነው ጋሼ።"

"ኧረ ይሄን ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል? ጠገብ አድርገህ አምጣልኝ እንጂ!"

ጠገብ አድርገህ! በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ እንዴ? አላደርገውም አልኩ፤ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ካላንደሩ ታትሞ ሲወጣ ፏፏቴው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል፤ ከላዩ ቀስተ ደመና ጣል ተደርጎበታል። ከሥሩ የተጻፈውን ወር ሳይ በሳቅ ልሞት ነበር። መጋቢት!

እንግዲህ የሙያዬን ምስጢር ላውጣላችሁ። ቀጭን ውሃን በፎቶ ማወፈር ከባድ ሥራ አይደለም። ካሜራህን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ታስራለህ። ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ትገጥማለህ። መዝጊያውን ለአንድ ለሁለት ሴኮንድ ክፍት ትተዋለህ። የሚንጠባጠበው ሁሉ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጎንበስ ብለህ ከሥር ካነሳኸው ገደሉ ሰማይ ይነካል። ሰው ከአጠገቡ እንዳይቆም ካደረግህ ደግሞ ስፋቱን ማንም ሊገምት አይችልም። የቀረውን ደረቅ ገደል ከጠርዙ ቆርጠህ ትጥላለህ። አለቀ!

ይህ ብቻውን ውሸት አይባልም፤ ሙያ ነው። ውሸት የሚሆነው ከሥሩ "ጢስ ዓባይን ይጎብኙ" ተብሎ ሲጻፍበትና ወሩ ሲሰወር ነው። ያን ጊዜ ፎቶው ፎቶ መሆኑ ይቀርና የሐሰት ምስክር ይሆናል። ያንን ፎቶ አይቶ፣ ከሩቅ አገር ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ በአውሮፕላን በአውቶቡስ ተንገላትቶ፣ የመግቢያውን ከፍሎ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን በ1626 የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ገደል የሚያይ ሰው ምን ይበል? "ተታለልኩ" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ኧረ ለመሆኑ ውሃው የት ገባ?

ጢስ ዓባይ የእሳትና የውሃ ልጅ ነው። ዓባይን ከላይ ወደ ታች የሚጥለው ያ ጥቁር ድንጋይ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። ጣና ራሱ ሐይቅ ሆኖ የተኛው የቀለጠው ድንጋይ መውጫውን ስለገደበው እንደሆነ የመሬት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ 45 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ገደል ይወድቃል። ሞልቶ ሲወርድ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከሥር የሚነሳው ርጭት ፊት ለፊት ያለውን ዳገት በበጋ ሳይቀር እያጠጣ ዛፉን ሐረጉን ለምለም ያደርገው ነበር። ወፉም ጦጣውም በርጭቱ ይኖር ነበር። "ጢስ" የተባለውም እኮ ይኸው ርጭት ነው! ርጭቱ ሲጠፋ ስሙ ብቻውን ቀረ።

ስለዚህ ፏፏቴ መዋሸትም ሆነ መወነጃጀል አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ሥር ገብቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ ብሎ ጻፈ። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ ይህ የማይሆን ነገር ነው፣ በዚያ የውሃ ኃይል ውስጥ ሰው ሊገባ አይችልም ብሎ ሎቦን በውሸታምነት ከሰሰው። ሁለቱ ሰዎች ዛሬ ከመቃብር ተነስተው በበጋ ቢመጡ ክርክሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እንኳን ሎቦ፣ አሮጊት አያቴም ምሳቸውን ይዘው ሄደው ይቀመጡበታል!

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ 11.4 ሜጋ ዋት። እሱ ከወንዙ ጎንጨት አድርጎ የሚተው ነበር፤ ፏፏቴውም ብዙ አልተጎዳ። በ1996 በጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐይቁ በር አለው፤ በሩም ቁልፍ ያዥ አለው። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት መጣ። ውሃው ከፏፏቴው ትንሽ ከፍ ብሎ በቦይ ይጠለፋል፣ በማመንጫው በኩል ይወርዳል፣ ከገደሉ በታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ልብ በሉ! ከወንዙ መንገድ ላይ የተዘለለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፏፏቴው።

በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። ይሄኛው ውሃውን ከሐይቁ ከሌላ በኩል ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። በዚያ የሄደ ውሃ ዓባይን የሚያገኘው ወደ ሱዳን ግድም፣ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው። ጢስ ዓባይን በዓይኑም አያየው።

እዚህ ላይ ሲደርስ አንዱ ብድግ ብሎ "ጸረ ልማት!" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ቆይ ወንድሜ፣ ተረጋጋ። እኔ እንጀራዬን የምበላው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሬ ይዘጋል፣ ማተሚያዬ ይቆማል፣ ደንበኛዬ ተበሳጭቶ ይሄዳል። በእንጨት ጭስ ዓይናቸው የጠፋ እናቶች ባሉበት አገር ግድብ አይሠራ የሚል ሰው ካለ እሱ እኔ አይደለሁም። 460 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ውሃው ሲከፋፈል ለፏፏቴው ስንት ተቆረጠለት? ማን ቆረጠለት? የት ተጻፈ? ፏፏቴውን ለማየት የሚከፍለውስ ሰው የማወቅ መብት የለውም ወይ?

በ2009 የታተመ አንድ የውሃ ጥናት ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ መሠረታዊ ሕይወቱ እንዳይቋረጥ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሊለቀቅለት እንደሚገባ አስልቷል። ይህ ከወንዙ ዓመታዊ ፍሰት 22 በመቶ መሆኑ ነው። ከመቶ ሃያ ሁለት! ሰባ ስምንቱን ተርባይን ይጠጣ ቢባል እንኳ ማለት ነው። ደግሞ አጥኚዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡት ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህ ሒሳብ ለፏፏቴው ውበት የታሰበ ምንም ነገር የለበትም። ለዓሣው፣ ለሣሩ፣ ለወንዙ ዳር ታስቧል። ለሰው ዓይን ግን ጠብታ አልተመደበችም። ሰው ከጃፓን፣ ከጣሊያን፣ ከተፍኪ የሚሄድበት ነገር በሒሳቡ ውስጥ ገና አልገባም!

"ታዲያ ለዓይን ብሎ ውሃ የሚመድብ አገር የት አለ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! አሜሪካና ካናዳ ናያግራ ፏፏቴን በመሐላቸው አስቀምጠው ከሁለቱም ወገን ኃይል ያመነጩበታል። ነገር ግን በ1950 ተዋዋሉ። ውሉ ሰዓት ሳይቀር ቆጥሯል። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ጎብኚ በሚበዛበት ወራት፣ በቀን፣ በፏፏቴው ላይ በየሴኮንዱ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ መውረድ አለበት። ሌሊትና በብርዱ ወራት ግማሹ ይበቃል፤ የቀረው ወደ ተርባይን ይሄዳል። አያችሁ? ጎብኚ ሲተኛ ፏፏቴውም ጋደም ይላል፤ ጎብኚ ሲነሳ ይነሳል። መብራቱም አልጠፋ፣ ፏፏቴውም አልጠፋ። ይህ ተአምር አይደለም፤ በወረቀት የተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው የውሃ ፕሮግራም ነው። እኛ ዘንድ ግን ፕሮግራሙን የሚያውቀው ቁልፍ ያዡ ብቻ ነው።

አስገራሚው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ፏፏቴውን እንደ ልብህ አንሳ ትባላለህ። እሰየው! ነገር ግን በአገራችን ግድብና ማመንጫ ፊት ካሜራ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል የሞከረው ያውቀዋል። "አንተ! ምን እያደረግክ ነው? ና እስቲ ወዲህ!" የጎደለውን ማንሳት ይፈቀዳል፤ የወሰደውን ማንሳት ክልክል ነው። የተሰረቀበትን ቤት ፎቶ አንሳ፣ ሌባውን ግን እንዳታነሳ እንደማለት አይመስልም?

እኛ የተፍኪ ሰዎች ከደጃችን ሆነን ወጨጫን እናያለን። ወጨጫም ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ ዛሬ የበረደ ተራራ ነው። በጎኑ የመናገሻ ሱባን ደን አቅፏል፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው እዚያ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይነገራል። በደኑ ውስጥ የእግር መንገዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ፏፏቴ ታገኛላችሁ። ከጢስ ዓባይ ጋር አትወዳደርም፤ ትንሽ ናት። ግን በር የላትም! በክረምት ትጮኻለች፣ በበጋ ታንሾካሹካለች። በየካቲት ሄጄ ቀጭን ሆና ባነሳት ቅር አይለኝም፤ የካቲት ነውና። የውሃዋን ቁልፍ የያዘው ደኑ ነው፤ ዝናቡን በክረምት ጠጥቶ በበጋ ቀስ እያለ ይለቅላታል። ደኑ ከተመነጠረ ደግሞ እሷም ትታሰራለች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ወቅቱ ያቀጠነው ውሃ እውነት ነው፤ በዚያ የሚወቀስ የለም። ሰው ያቀጠነው ውሃ ግን ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤት ያለው ነገር ይጠየቃል!

ቱሪዝማችን ለዓለም የታወቀው በፎቶ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" ብለው ሲነሱ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ በፖስተር በፎቶግራፍ ነበር አገር ያስተዋወቁት። ዓለምም ፎቶውን አምኖ መጣ። በ2016 ደግሞ "ምድረ ቀደምት" ተባልን። ይሁን፤ ስም መለወጥ ይቻላል። ግን የ13 ወር ፀሐይ ይዘን የሁለት ሦስት ወር ፏፏቴ ብናሳይ መፈክሩ ማንን ያሳምናል? በጢስ ዓባይ መንደር ኑሮው በጎብኚ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ብዙ ነው፤ መንገድ የሚያሳየው ወጣት፣ ወንዝ የሚያሻግረው ጀልባ ቀዛፊ፣ ነጠላና የተዋበ ቅል የምትሸጠው እህት። ፏፏቴው ሲታሰር እነሱም አብረው ታስረዋል። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ክልሉን አምሶት የእንግዳው እግር ራሱ ተሰበሰበ። ሰላም ሲወርድ እንግዳ ይመጣል። ያን ጊዜ ምን እናሳየው? ገደሉን?

እኔ የምጠይቀው ሰማይ የሚያስቧጥጥ ነገር አይደለም። ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ውሃው የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት ይታወጅ። በሬዲዮ ይነገር፤ በትኬቱ መሸጫ ደጃፍ ላይ ይለጠፍ። ቢያንስ በሳምንቱ መጨረሻና በበዓላት ቀን ፏፏቴው እስከ ምሳ ሰዓት ይከፈት ቢባል አገር በጨለማ አይዋጥም። ሰው ቀኑን አውቆ ይሄዳል፣ ፎቶውን ያነሳል፣ ረክቶ ይመለሳል። በዝግ ቀን የሚሄደውም አውቆ ስለሚሄድ አይከፋውም።

ሁለተኛ፣ የፏፏቴው ድርሻ በሕግ ይጻፍ። ለወንዙ ሕይወት ስንት፣ ለዓይን ስንት፣ ለተርባይን ስንት፤ በቁጥር ይቀመጥ። የተለቀቀውም ውሃ በየወሩ ይገለጽ። ውሃው የሕዝብ ከሆነ ሒሳቡም የሕዝብ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለፎቶ አንሺዎችና ለአሳታሚዎች ነው። ማንኛውም የፏፏቴ ፎቶ በፖስተር፣ በካላንደር፣ በአየር መንገድ መጽሔት ሲወጣ ከሥሩ የተነሳበት ወርና ዓመት ይጻፍ። መድኃኒት ላይ ቀን ይጻፍ የለም እንዴ? "መስከረም" ብሎ የተጻፈበትን ያየ ሰው በመጋቢት ሄዶ አይጮኽም። ለማድረግ የሚፈጀው የአንድ መስመር ቀለም ነው። ይህንንም እምቢ የሚል ካለ ግን ጉዳዩ ከቀለሙ ሳይሆን ከእውነቱ ጋር ነው ማለት ነው።

የጨረጨራን ቁልፍ የያዛችሁ ክቡራን ሆይ! ውሃውን አትንኩ አላልንም። ስንቱን እንደወሰዳችሁና ስንቱን እንደተዋችሁ ንገሩን ነው ያልነው። የታሰረ እንኳን የመጠየቂያ ቀን አለው። ለጢስ ዓባይም የመጠየቂያ ቀን ቁረጡለትና እንሂድለት፤ ካሜራችንን ይዘን፣ ልጆቻችንን ይዘን። እስከዚያው ድረስ ግን የእስረኛውን የጉብዝና ዘመን ፎቶ "እነሆ እንዲህ ነው" እያላችሁ አትሽጡብን!

ፎቶ አንሺው ከተፍኪ